ስለ ጃፓኑ መጽሐፍህ የምነግርህ አለኝ

ይድረስ ለመኩሪያ፣ ለኔ ሽቦ።

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። አንቺስ ብትለኝ፣ አለሁ። ከስቻለሁ፣ የሰው ልብስ አጥባለሁ፣ ምላሴ ግን እንዳለ ነው። ካጣሁህ ሁለት ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነኝ። የሞትክበትን ቀን የነገረኝ ስለሌለ የምቆጥረው ወህኒ ቤቱ በር ላይ የምግብህን አገልግል ሳይከፈት ከመለሱልኝ ቀን ጀምሮ ነው።

ፊደሌ ቢንጋደድ ጥፋቱ ያንተ ነው። እኔ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ሳልደርስ የተባረርኩ ሰው ነኝ። የዝንብ ጭራቸውን ከፍየል ጅራት ጋር አስሬ፣ ፍየሏ ቅጥሩን ስትዞር ከልጆቹ ሁሉ የሳቅሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ማን እንዳሰረው ለማወቅ አልተቸገሩም። የቀረውን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ወረቀቱ ደግሞ የሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ ካዛንቺስ ከሚሠራ ቤት ሥር አንስቼ አራግፌው ነው፤ ስታነበው ቢያስነጥስህ ይማርህ። እናትህ "አንተ" እያልኩ መጻፌን ቢያውቁ፣ "ባል አንቱ ነው የሚባለው፣ ይቺ ስድ!" ይሉኛል። በቁምህ አንቱ ያላልኩህን አሁን ልጀምርልህ? በቃ፣ አንተ ነህ።

ሰፈሩ እንዳለ ነው ልልህ ነበር፤ አይደለም። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች ካሉት ቤቶች ባዶ የሆኑት ብዙ ናቸው። ከፊሉ ሰው ገጠር ገባ፣ ከፊሉ የት እንደገባ አይጠየቅም። ባቡሩ ሲያልፍ ግድግዳችን አሁንም ይንቀጠቀጣል። ጣራው ከአልጋው በላይ ያፈሳል፤ ከሥሩ ገንዳ አስቀምጬ "የመኩሪያ ቧንቧ" ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። እናትህ አልሳቁም። እሳቸው ከሳቁ ቆዩ።

ከበራችን ቆሞ ሽቅብ ላየ ግን ካዛንቺስ ሌላ አገር ሆኗል። አንተ ቦይና የድንጋይ ክምር አድርገህ የተውከው ኮረብታ ላይ ባለ ሸክላ ጣራ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ገና ጀምበር ስትጠልቅ ኮረንቲው ቦግ ይላል። እኛ በኩራዝ ነን። ያን ሁሉ ገመድ በሰው ግድግዳ ውስጥ ስትስብ ኖረህ ለእናትህ አንዲት አምፖል ሳታበራላቸው ሄድክ፤ ይህን እንኳ ሳልወቅስህ አላልፍም።

እኔም አሁን እዚያው ኮረብታ ላይ አጣቢ ነኝ፤ አንድ የጠላት መንግሥት ጸሐፊ ቤት። ጠዋት በኋላ በር እገባለሁ፣ ሳይመሽ እወጣለሁ። የዚያን ቤት ገመድ የዘረጋኸው አንተ መሆንህን ያወቅሁት ወለል ስወለውል ነው፤ ከመኝታ ክፍሉ ማብሪያ ሥር በምስማር ጫፍ ትንሽ "አ" ተጭሯል። "በየቤቱ የስምሽን መጀመሪያ እጽፋለሁ" ስትለኝ ውሸታም ብዬህ ነበር። ይቅርታ። ሲኞራዋ፣ የቤቱ እመቤት፣ ቆሻሻ መስሏት እንዳጠፋው አዘዘችኝ፤ በጨርቁ ዙሪያውን አሸሁና "አይለቅም" አልኳት።

ግን የምጽፍልህ ወሬ ለማውራት አይደለም። ስለ ጃፓኑ መጽሐፍህ ሁለት ዓመት የደበቅሁት ነገር አለኝ። እየቀለድኩ ልሸሽ ብሞክር ታውቀኛለህና አትስማኝ።

ጠላት ሳይገባ፣ ለገሃር አጠገብ አቡጀዲና ሳህን ይሸጥ ለነበረው ጃፓናዊ ዕቃ አውራጅ ሆነህ አልነበር የተቀጠርከው? ገበያ ሲቀዘቅዝ ያ ሰውዬ ከባንኮኒው ሥር ባትሪና ሽቦ አውጥቶ ትንሽ ደወል ያስጮህልህ ነበር። ያን ቀን ቤት መጥተህ ራትህን ሳትበላ የነገርከኝን አልረሳም፤ አንዲት ሽቦ ስትነካ ደወሉ ይጮሃል፣ ስትለቅ ዝም ይላል፣ አጋንንት የለበትም፣ ሁሉም ምክንያት አለው አልክ። "ሁሉም ምክንያት አለው" ስትል ፊትህ ይበራ ነበር። እኔ ደግሞ እናትህን ጠርቼ "ልጅዎን ጃፓን አደነዘዘብዎ" አልኳቸው።

የጦርነቱ ወሬ ሲበረታ ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ሊሄድ ሆነ። የዚያን ጊዜ ነው የልጅነቱን መጽሐፍ የሰጠህ፤ አገሩ ተማሪ ቤት የተማረበትን። ዳሩ የተበላ ግራጫ መጽሐፍ ነበር፤ ከገጾቹ በአንዱ ላይ ቀለም የነካው የሕፃን አውራ ጣት ታትሞበታል። ጽሕፈታቸው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ የዶሮ ጭረት የሚመስል። አንተ የቻልከውን ያህል ቅርጹን በቃልህ ያዝክ፤ ድምፁን ግን በኛ ፊደል በደብተርህ ገለበጥከው፤ ከጎኑ ሽቦውና ባትሪው እንዴት እንደሚገናኝ በመስመር ሣልክ። ያ ደብተር ከኪስህ አይጠፋም ነበር። መጽሐፉ ደግሞ በነጠላ ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በራፍ ላይ አስቀምጠህ ታስተምረኝ ነበር። ኮረንቲ ዴንኪ ነው። ብርሃን ሂካሪ። ሙቀት ኔትሱ። ክብደት ኦሞሳ። ጉልበት ቺካራ። ብረት የሚስበው ድንጋይ ጂሻኩ። እነዚህ ቀላል ነበሩ። ዴንርዩና ዴናትሱ ላይ ስደርስ ጭንቅላቴ ደነዘዘ። ሁለቱም ኮረንቲ ከሆኑ ለምን ሁለት ስም ብዬ ሞገትኩህ። አንተም ተነስተህ የቤተ ክርስቲያኑን በር አሳየኸኝ። የቂርቆስ ለት ሕዝቡ በዚያች በር ሲወጣ አይተሽ የለ፤ የሚፈሰው ሰው ዴንርዩ ነው። ከኋላ ሆኖ ወደ ፊት የሚገፋው ግፊያ ዴናትሱ ነው። የበሩ ጥበት ደግሞ ቴይኮ ነው፤ "ቀስ በሉ" የሚለው። በሩ ከጠበበ፣ ወይም ግፊያው ካነሰ፣ የሚወጣው ሰው ትንሽ ነው። ሽቦም እንዲሁ ነው፤ ቀጭንና ረዥም ሲሆን ቴይኮው ይበዛል፣ በመጨረሻው ጫፍ ያለው አምፖል ይፈዛል።

ገባኝ። እንዲያውም ከገባኝ ነገር ሁሉ እንደዚያ የገባኝ የለም። ግን እኔ ነኝና፣ በዚያው ቅጽበት እናትህ በሩን ሞልተው ብቅ ሲሉ "ይኸው ቴይኮ መጣ!" አልኩ። አንተ ሳቅህን ለመደበቅ ፊትህን ግድግዳ ውስጥ ቀበርክ። እሳቸው "ምን አለችኝ?" ብለው ሳምንቱን ሙሉ ጠየቁን። በመጨረሻ "የጃፓን ንግሥት ማለት ነው" ብዬ አስታረቅኋቸው፤ ቅር አላላቸውም።

ጠላት ገብቶ ካዛንቺስን መሥራት ሲጀምር አንተ የመብራት ሠራተኛ ነኝ ብለህ ሄድክ፤ እነሱ ግን መሰላል አስያዙህ። የሚወጡት እነሱ ናቸው፣ የሚይዘው አንተ። ካፖው፣ የሥራው አለቃ፣ "አንተ እጅ እንጂ ጭንቅላት አያስፈልግህም" እንዳለህ ስትነግረኝ እየሳቅክ ነበር፤ ዓይንህ ግን አልሳቀም። እኔም ላስቅህ ብዬ "መሰላል ጠባቂ" የሚል ማዕረግ ሰጠሁህ፤ ሰፈሩም ያዘው። ከዚያ አንድ መንገድ ዳር ያለ ቤት መብራቱ ደክሞ ካፖው ሦስት ቀን አምፖል ሲለዋውጥ ከርሞ፣ አንተ በጆሮው "ሽቦው ለርቀቱ ቀጥኗል" አልከው። በነጋታው ወፍራም ሽቦ አስመጣ። ሙገሳውን ወሰደ። ላንተ ያተረፈልህ ቢኖር ከዚያ ወዲያ እንዳላየ ሆኖ መሰላሉን እንድትወጣ መፍቀዱ ነው። ስትወጣም ሽቦውን በመዳፍህ አትነካም ነበር፤ መጀመሪያ በእጅህ ጀርባ። መዳፍ ኮረንቲ ሲይዘው ይጨብጣል እንጂ አይለቅም፣ የእጅ ጀርባ ግን ሸሽቶ ይወጣል ብለኸኝ ነበር። እኔም ማታ ስትነካኝ "በእጅ ጀርባ!" እልህ ነበር። ይህን ለእናትህ አላነበውም።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ያን ሰሞን ወታደሮቹ አረቄ የሚያወጡ ሴቶችን እየፈለጉ ቤት ይበረብሩ ነበር። አንድ ረቡዕ በራፌ ላይ ጎመን ስቀነጥስ ከታች ሲመጡ አየኋቸው። "መጡ" ብል ይሰሙኛል፤ ምላሴ ላይ የመጣልኝን ጮኽኩ፤ "ኔትሱ! ኧረ ኔትሱ!" ጎረቤቶቼ አበደች ብለው አንገታቸውን ሲያወጡ ወታደሮቹን አዩ፣ እንስራቸውን ሸሸጉ። እነዚያ ምንም ሳያገኙ ሲመለሱ "ሂካሪ" አልኩ። በሳቅ ሞትን። በማግሥቱ ቃሉ በሰፈሩ ሁሉ ነበር። ሙቀት ከሆነ መጡ፣ ብርሃን ከሆነ ሄዱ። ሆዳሙን ሻምበል ኦሞሳ አልነው፤ ልጆቹ ከኋላው እየተከተሉ "ኦሞሳ፣ ኦሞሳ" ሲሉት እጁን ያውለበልብላቸው ነበር። በዚያ ጥቁር ዘመን እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

አንተ ስትሰማ ተቆጣህ። ተቆጥተህብኝ የምታውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። "ይህ ትምህርት ነው፣ መጫወቻ አይደለም፤ ደግሞ ጆሮ አላቸው" አልክ። እኔም "እሺ ጌታዬ፣ አንቱ መሰላል ጠባቂ" አልኩህና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ይህን ሳስበው አሁን እጄን እነክሳለሁ።

ጆሮ ነበራቸው። የነሱ አስተርጓሚ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ከላይ ከላይ የሚሄድ፣ ሰላምታ የማይመልስ። ቃላቱን ሰብስቦ አለቆቹን "የሽፍቶች ምልክት ነው" አላቸው። እነዚህ ቃላት ከማን አፍ እንደወጡ ሲያጣሩ፣ ካዛንቺስ ሥራ ላይ ሳለህ ኪስህን ፈተሹና ደብተሩን አገኙት። ኔትሱ ተጽፏል። ሂካሪ ተጽፏል። ኦሞሳ ተጽፏል። ከጎናቸውም ያ የሽቦ ሥዕል፤ መስመር ከመስመር የሚገናኝ፣ እዚህ ነጥብ እዚያ ነጥብ። ለነሱ ካርታ ነበር፤ መንገድና ኬላ።

አብረውህ ከሚሠሩት አንዱ ቁልቁል ሮጦ መጥቶ "መኩሪያን ያዙት፣ ደብተር አግኝተውበታል" ብሎኝ ሳይቆም አለፈ። እናትህ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ታውቃለህ። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ የቂርቆስ ሰው ሲያዝ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያደርገው ወረቀት ማቃጠል ነበር። ፎቶግራፍ ይሁን፣ ደብዳቤ ይሁን፣ የክርስትና ወረቀት ይሁን፣ ቀለም የነካው ነገር ሁሉ እሳት ይግባ። ማንበብ የሚችል ሰው የሞተበት ዘመን ነው። እኔም ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሣጥኑን ጎትቼ ነጠላውን ፈታሁ።

መጽሐፉን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ መኩሪያ።

ቶሎ አልነድ አለኝ፤ ወረቀታቸው ጥሩ ነበር። ገጽ በገጽ ገነጠልኩት። የሚዛኑ ሥዕል ሄደ፣ የጂሻኩው ሄደ፣ የዚያ ሕፃን አውራ ጣት ያለበት ገጽ ሄደ። ሽፋኑ እምቢ ሲለኝ መጸዳጃው ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ጨርሼ እጄን ታጠብኩና ተመስገን አልኩ። ተመስገን ነው ያልኩት፤ አዳንኩህ ብዬ።

ብዙም ሳይቆይ ካሚዮን መጥቶ ቆመ። አስተርጓሚው ከሁለት ወታደሮች ጋር ገባ። አንተ እጅህ የፊጥኝ ታስሮ ካሚዮኑ ላይ ነበርክ፤ በበሩ በኩል ግማሽ ፊትህ ይታየኛል። አስተርጓሚው እንዲህ አለኝ፤ "ባልሽ ቃላቱ የጃፓን ተማሪ ቤት ቃላት ናቸው፣ መጽሐፉ ቤቴ አለ ይላል። የት ነው?"

እኔ ወጥመድ መሰለኝ። አንተ መጽሐፉን በአፍህ ትጠራለህ ብዬ እንዴት ላስብ? ደብቂው ስትለኝ የኖርክ ሰው። ስለዚህ የማውቀውን ብቸኛ ሙያ ሠራሁ። ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። "መጽሐፍ? የኔ ባል? ጌታዬ፣ እሱ መሰላል ጠባቂ ነው! መሰላሉ ላይ የተጻፈ ካለ እንጃ እንጂ መጽሐፍ በደጁም አላለፈ" አልኩ። ወታደሮቹ ሣጥኑን ገለበጡ፣ ፍራሹን ቀደዱ፣ ምንም የለም። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ዋሽቼ አላውቅም። የኔታ እንኳ ያምኑኝ ነበር።

ባዶ እጃቸውን ሲወጡ አየኸኝ። የተቃጠለ ወረቀት ሽታ እስከ ካሚዮኑ ይደርስ እንደሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄያለሁ። የሚደርስ ይመስለኛል። ምክንያቱም አልጮህክም፣ "አስካለ፣ ስጫቸው" አላልክም። ራስህን ዝቅ አደረግህ። ብትናገር እኔም እንደምያዝ ገብቶሃል። ማለቴ፣ እንደዚያ ነው የማስበው። ሌላውን ማሰብ አልችልም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አጭር ላድርገው። ሃያ ቀን ያህል አገልግል አመላለስኩ፤ ባዶው ሲመለስልኝ አለህ ማለት ነው ብዬ እየዘለልኩ እወርድ ነበር። አንድ ማክሰኞ እንደሞላ መለሱልኝና "ከእንግዲህ አታምጪ" አሉኝ። ሬሳ የለም፣ ልብስ የለም። ምግቡ ገና ትኩስ ነበር፤ እስከ ቤት ተሸክሜው መጣሁ።

እናትህ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት አረፍተ ነገር ነበረቻቸው። ሲነሱም ሲተኙም፣ "መጽሐፉን ቢያዩለት ኖሮ!" ወታደሮቹ ወስደው የጣሉት ነው የመሰላቸው። እኔ እሰማቸዋለሁ፣ ቀልድ እፈጥራለሁ፣ ውሃ ልቅዳ ብዬ እወጣለሁ። ለራሴም የምለው ነበረኝ፤ ቢያዩትም አያምኑህም ነበር፣ ያው ይገድሉህ ነበር፣ እነሱ ለመግደል መጽሐፍ አያነቡም። በዚህ ተኝቼ ነው የኖርኩት።

ሁለተኛው ሙት ዓመትህ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የማጥብበት ቤት እንግዳ መጣ። ሳህን ይዤ ስገባ ጃፓናዊ ነው። ነጋዴ ይሁን ሹም አላውቅም፤ ከጌታው ጋር ብርጭቆ እያጋጩ ይሳሳቃሉ። ለካ አገሮቻቸው ወዳጅ ሆነዋል። መኩሪያ፣ ወዳጅ! በቋንቋው ሰበብ አንተን የገደሉህ ሰዎች ከሰውየው ጋር ምሳ ይበላሉ። እኔም ያው እኔ ነኝ፤ መውጣት ሲገባኝ ቆምኩ። ከራሱ በላይ ያለውን አምፖል ጠቆምኩና "ዴንኪ" አልኩ። ሹካውን አስቀመጠ። "ዴንርዩ" አልኩ። "ዴናትሱ። ቴይኮ።" ሰውየው እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ከኔ ቀጥሎ ያለውን በዜማ ያንበለብለው ጀመር፤ ልጆች በቃላቸው የሚደግሙት ነው መሰለኝ። ከዚያ ሳቀና ለጌቶቼ በነሱ ቋንቋ አስረዳቸው። ሲኞራዋ በተሰባበረ አማርኛዋ "ይሄ እኮ የትንሽ ልጅ ትምህርት ነው ይላል። የት ሰማሽ?" አለችኝ። "ከባሌ" አልኩ። "ባልሽ ምንድን ነው?" አለች። ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ። ከማድ ቤቱ ጀርባ የታጠበው ልብስ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። አንድ ገጽ ይበቃ ነበር። አንድ ገጽ ለአንድ ጃፓናዊ ማሳየት።

ቤት ስደርስ እናትህ ሽሮ ይነፉ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። እሳቱን፣ ሽፋኑን፣ ጉድጓዱን፣ ሳቄን ሁሉ። ወንፊቱን አስቀመጡ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ እወድ ነበር። መሬቱን እያዩ፣ "እኔም ሄጃለሁ" አሉኝ።

በተያዝክ በሦስተኛው ቀን ለኔ ሳይነግሩኝ ወህኒ ቤቱ ሄደው አስተርጓሚው እግር ላይ ወድቀዋል። "ልጄ ማይም ነው፣ ፊደል ከፊደል አይለይም፣ ደብተሩ የሌላ ሰው ነው" ብለው ማርያምን ጠርተው ምለዋል። እሳቸውም ሊያድኑህ ነበር። አስተርጓሚው ምን አላቸው መሰለህ? "ሚስቱ መጽሐፍ የለውም አለች፣ እናቱ ማንበብ አይችልም አለች። ታዲያ ይህ ሰውዬ ለምን ይዋሻል?"

አየህ? አንተ እዚያ ውስጥ ብቻህን እውነቱን ትናገራለህ። ከውጭ የምንወድህ ሁለት ሴቶች ውሸታም እናደርግሃለን። እናትህ የታወቁ አልቃሽ ሆነው ሳለ ያኔ ለቅሶህ ላይ "ታዛዥ ነበር፣ ዝምተኛ ነበር" ብለው ብቻ ለምን እንደተቀመጡ ገባኝ። ማይም ብለው የማሉለትን ልጅ በምን ያወድሱት?

ያን ዕለት ተቃቅፈን አላለቀስንም። ሽሮውን ነፍተን ጨረስን።

ሙት ዓመትህ ላይ ሰው መጣ፤ ፈራ ተባ እያለ ግን መጣ። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሰው ሊበተን ሲል እናትህ ነጠላቸውን አደግድገው መካከል ቆሙ። ድምፃቸው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ እስከ ባቡር ሐዲዱ ይሰማል። እንዲህ አሉ፤

መሰላል ጠባቂ ያላችሁት ልጄ፣
መጽሐፍ አንባቢ ነው፣ የቀበረው እጄ።

ደረታቸውን መቱ። እኔም ተነሳሁና ቃላትህን አንድ በአንድ ተናገርኩ፣ ከትርጉማቸው ጋር። ዴንኪ ኮረንቲ ነው፣ ቴይኮ የሽቦው ጥበት ነው፣ ሌላ አይደለም፣ መኩሪያ ከመጽሐፍ የተማራቸው ናቸው፣ ጨዋታ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ አልኩ። እነዚያ በሳቅ የፈረሱት ጎረቤቶቼ ግማሾቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወጡ። አልፈርድባቸውም፤ ልጅ አላቸው። ግማሾቹ ቀሩ። የአስተርጓሚው ሚስት ከበሩ አጠገብ ነበረች፤ መቼ እንደወጣች አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ነው። ቤታችን የሚመጣ ሰው ቀንሷል። ካሚዮን በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር እናትህ ጫማቸውን ያደርጋሉ፤ ባዶ እግሬን አልወሰድም ይላሉ። ላይመጡ ይችላሉ፤ ሁለት አሮጌና ወሬኛ ሴቶች ለምናቸው ብለው ይተዉን ይሆናል። አሮጌዋ እሳቸው ናቸው። ቢመጡም ግን የሚቃጠል ነገር የለንም። ይህችም ደብዳቤ አትቃጠልም፤ ሣጥኑ ውስጥ፣ መጽሐፍህ በነበረበት ቦታ አስቀምጣታለሁ።

አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም ለሟች የሚለው ነው። እኔ ግን ሌላ ነው የምልህ። ከእንግዲህ ስለ ባልሽ ተናገሪ የሚለኝ ሰው፣ ጎረቤት ይሁን ቄስ፣ ሲኞራዋ ትሁን ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ አንድ መልስ ነው የሚሰማው። ባሌ መኩሪያ ማንበብ ይችል ነበር። መጽሐፍ ነበረው። እውነቱን ነግሯችሁ ነበር።

ያንተው አስካለ
ከቂርቆስ